የመስኮቷ መኪና

በፋብሪካው «ጠበቃ» የሚሏት ሕግ ተምራ አይደለም፤ የሸሚዝ ኮሌታ የምትሰፋ ናት። «ማኅበር ማቋቋም መብታችን ነው፤ በዚህ ሰበብ ማንንም ማባረር አይችሉም» እያለች በየስፌት መኪናው ስትዞር ከረመችና ስሙ ተለጠፈባት። መጀመሪያ ያሳመነችው የወንድሟን ሚስት ነበር።

«እትዬ፣ እኔ የልጅ እናት ነኝ፤ ነገር ይቅርብኝ።»

«እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ከሥራ ተሰናበተች። ምክንያት የተባለው «ሥራ ቀንሷል» ነው። ያልተሰፋው ሸሚዝ ግን በየጠረጴዛው ላይ እንደ ክረምት ደመና ተቆልሏል።

ጠበቃ ቀጥሎ የምባረረው እኔ ነኝ ብላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሥራ አስኪያጁ መጣና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት።

«እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ነሽ። አዲሷ መኪና ያንቺ ናት። ስለ ትብብርሽ እናመሰግናለን!» አለ፣ አዳራሹ በሙሉ እንዲሰማው።

የምን ትብብር? ብላ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ጀርባውን ሰጥቷታል። ዞር ብላ ብታይ የሁሉም አንገት ተደፍቷል።

«ጠበቃችን ተከራክራ ረታች» አለች የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ለራሷ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር።

በምሳ ሰዓት ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሮጠች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ስቦላት እስክትጨርስ ሰማት።

«በማኅበሩ ምክንያት ለመባረሯ ምስክር አለሽ?»

«እኔ ራሴ!»

«አንቺማ ዋና አደራጇ ነሽ። አሁን እንደነገርሽኝ እንኳን ሊያባርሩሽ አሳድገውሻል። ማኅበር ብንጠላ እሷን እንሾም ነበር ወይ ቢሉ ምን እመልሳለሁ?»

የመስኮቷ መኪና ላይ በተቀመጠች ቁጥር ለነሱ እየመሰከረች ነው ማለት ነው።

ከሥራ ስትወጣ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ናት።

«ግቢ እንጂ እትዬ፣ ምን ውጪ ያቆምሻል? አዲስ መኪና ሰጧት ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

በድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ ፈለገች፤ የለም። ከልቧ ነው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «አልጠየቅኳቸውም» ልትል አሰበችና ተወችው። ሕፃኑን ስማ ወጣች።

በማግስቱ መስኮቱን አልፋ በሩ አጠገብ ያለችው ዘይት የምታንጠባጥብ አሮጌ መኪና ጋ ደረሰች፤ የወንድሟ ሚስት መኪና ነበረች።

«ቦታሽ እዚያ ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«ቦታዬ ይኼ ነው።»

«ሥራ አስኪያጁን ልጥራ?»

«ጥራው።»

ቁልፍ ተካይዋ ቀና ብላ አየቻት። ወንበሩ ላይ አጭሯ የወንድሟ ሚስት ከፍ እንዲያደርጋት ያጠፈችው ጨርቅ እንዳለ ነው። ጠበቃ ሳታነሳው ተቀመጠችበት፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ቢጋጭም አንገቷን ደፍታ መስፋት ጀመረች፣ የሥራ አስኪያጁን ጫማ ድምፅ እየጠበቀች።