ክዳኑ ያላለቀ ሙዳይ

ጽናት ተንሳፋፊ የሆነችው በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ቃሉ የመሥሪያ ቤቷ ነው። አዲሱ የአሠራር ለውጥ ሲመጣ የሥራ መደብ ያገኙ ሰዎች ስማቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ያላገኙት ተንሳፋፊ ተባሉና ቦታ እስኪገኝላቸው ጠዋት ጠዋት እየፈረሙ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ጽናት ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቢሮ አሥራ አራት ዓመት በጽሕፈት መኪና የሠራች ሴት ናት። መኪናዋ መጋዘን ገባ፤ ጠረጴዛዋ ኮምፒውተር ለሚያውቅ ሰው ተሰጠ። እሷ ከሌሎች አራት ተንሳፋፊዎች ጋር ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደረደረች።

መቀመጡን አልቻለችበትም። እናቷን ስድስት ዓመት አስታማ የቀበረችው በዚያው ክረምት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሰውነቷ መነሣትን ለምዷል፤ ለመድኃኒት፣ ለውሃ፣ ትራስ ለማስተካከል። አሁን የምትነሣለት ሰው የለም፤ እግሯ ግን ይህን አልተረዳም። ሙጋድ ሰፈር ባለው ቤቷ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች፤ የተዘጋ መስኮት ሄዳ ትነካካለች። ቢሮ ስትሆን ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ከአግዳሚው እየተነሣች ሰሌዳውን ታነባለች። ወረቀቱ ያው የትናንቱ ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከቆየች በኋላ ፈርማ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ አራዳን ዞራ ትመለስ ነበር። ቀጥላ እስከ ሸዋ በር በእግሯ ወረደች። አንድ ቀን ግን «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ!» የሚል ረዳት ፊቷ በሩን ሲከፍት ምንም ጉዳይ ሳይኖራት ገባች። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘች ወርዳ ኮምቦልቻ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች። በማግስቱም ሄደች። ወንድሟ አግማስ ይህን ሲሰማ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ ሰው ምን ይላል፣ ዕረፊ እንጂ ብሎ ተቆጣት። ማረፍ እንዴት እንደሆነ ቢያስረዳት ደስ ይላት ነበር።

ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ አሉ። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ዕቃው ግን እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። መርፌው የጠፋ ሸክላ ማጫወቻ፣ የጣሊያን ጊዜ የስፌት መኪና፣ ብርጭቋቸው የተሰነጠቀ ፋኖሶች፣ ቁልፍ የሌላቸው ጓጉንቸሮች። ጽናት አንድ ቀን ከዝናብ ልትጠለል ገብታ ሁለት ሰዓት ቆየች። ጋሽ እንድሪስ አልተቆጧትም፤ አብሽሪ፣ እንደፈለግሽ ገልብጪው አሏት። ዕቃው ሲነካካ ደስ ይላል። የሰው እጅ ያለሰለሰው እንጨት፣ የተጣፈ ቆዳ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ስም የተጫረበት ጽዋ። ከዚያ ወዲህ ወደ ኮምቦልቻ የሚያስወርዳት ጉዳይ አገኘች።

ሙዳዩን ያየችው በጥቅምት ነው። በጉልበቷ ልክ የሚሆን፣ ከሣር የተሰፋ፣ ጥብቅ ያለ ሙዳይ ነበር። ገላው ነጭና ጥቁር ሆኖ ጣጣውን ጨርሷል። ክዳኑ ግን ከእጅ መዳፍ እምብዛም ሳይሰፋ ቆሟል፤ ዳር ዳሩ ላይ ያልተጠመጠመ ሣር እንደ ጢም ተንጨብርሯል። ክዳኑ ላይ ቀይና ጥቁር ጥርሶች ነበሩ፤ ፊት ለፊት በመግጠም ፈንታ አንዱ ሌላውን እያለፈ የሚሄድ ጥለት ነው። ጽናት እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ከየት እንደመጣ ጋሽ እንድሪስን ጠየቀቻቸው። ለገበያ ኩታበር ወጥተው ሳለ ብዙዬ ከሚባሉ ሴትዮ እንደገዙት፣ ለምን እንደሚሸጡት ሲጠይቋቸውም፣ ዓይኔ ሥር አይዋል ብለው እንደመለሱላቸው ነገሯት።

ሙዳዩን ገዝታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አየችው። በሦስተኛው ቀን ፈርማ ስትጨርስ የኩታበር መኪና ላይ ተሳፈረች።

ወይዘሮ ብዙዬን ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር ርቃ ባለች መንደር፣ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘቻቸው። ሙዳዩን ከፌስታሉ ስታወጣ እጃቸው ባለበት ቀረ። የተሸጠ ዕቃ ልትመልሺብኝ ነው የመጣሽው አሏት። ጽናት ልመልስ ሳይሆን አጨራረሱን እንዲያስተምሩኝ ነው አለች። አሮጊቷ የጽናትን እጆች አዩ፤ ጭቃ የማያውቁ፣ ጣታቸው የረዘመ እጆች።

«የከተማ ሰው ነሽ። ይኼ ምን ያደርግልሻል?»

«መቀመጥ አቃተኝ፣ እማማ» አለች ጽናት።

ወይዘሮ ብዙዬ ባቄላውን ትተው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ወስፌና በውሃ የራሰ ሣር ይዘው ነበር።

የዚያን ቀን ጽናት መነሻዋን ሦስት ጊዜ ሰፋች፤ ሦስት ጊዜ አስፈቷት። በወስፌው ጣቷን ወጋች። ሣሩ ሲደርቅባት ተሰበረ፤ ሲረጥብባት ላላ። አራተኛው መነሻ አንዲት ሳንቲም የምታህል ክብ ሆኖ ሲወጣላት ቀና ብላ አየች፤ ጥላው የግቢውን ወገብ አልፎ ሄዷል። ከተቀመጠች አንድም ጊዜ አልተነሣችም ነበር። ይህን ስታስተውል ወዲያው ደነገጠችና ተነሣች።

ደጋግማ ሄደች። ገላውን እንዴት እንደሚሰፋ ተማረች፤ ክዳኑ ጋ ሲደርሱ ግን ወይዘሮ ብዙዬ ያቆማሉ። ታሪኩን የነገሯት በሦስተኛው ጉዞዋ ነው። ገላው የእሳቸው እጅ ነው። ክዳኑ ዘይቱና የምትባል የአጥር ጎረቤታቸው እጅ ነው። ሁለቱ ስፌት አብረው ሲሰፉ ኖረዋል፤ የክዳኑን ጥለት ቁጥር ዘይቱና በልቧ ስለምትይዘው ሌላ ሰው አያውቀውም። ይህን ሙዳይ ለብዙዬ ልጅ ሠርግ ጀምረውት ሳለ የመሬት ሽግሽግ መጣ። የብዙዬ ባል መሬቱን ከሚያከፋፍለው ኮሚቴ አባላት አንዱ ነበሩ። ዘይቱና ባሏ የሞተባት ናት፤ ተከራካሪ የላትም። ማሳዋ ተቆርሶ የቀረው ለመኖር አልበቃ ስላላት ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን የምትባል ከተማ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ።

«ስብሰባው እዚህ ቤት ነበር» አሉ ወይዘሮ ብዙዬ። «ባሌ ከእሷ ይቀነስ ሲል ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ወጥቼ አንድ ቃል አልተናገርኩም።»

ጽናት ደጋን ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ከሄድሽ ስሜን እንዳታነሺ አሏት።

ደጋን በቀጣዩ ሐሙስ ደረሰች። ሙቀቱ ከደሴ ብርድ ለወጣ ሰው ከባድ ነው፤ የጭነት መኪናው አቧራ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ዘይቱናን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረችም፤ መንገድ ዳር ካለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ዘንቢሎች ከሩቅ ይታያሉ። ሣር እዚያ ስለማይገኝ የማዳበሪያ ከረጢት ክር እየፈቱ ነው የሚሰፉት። ጽናት ሙዳዩን ስታወጣ መርሐባ ማለታቸውን አቋርጠው እጃቸውን ዘረጉ። ክዳኑን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጥርሶቹን እየዳሰሱ አዞሩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቆጥራሉ።

«ብዙዬ አለች?» አሉ በመጨረሻ።

«አሉ።»

«ባሏስ?»

«አርፈዋል። አራት ዓመት ሆናቸው።»

ዘይቱና አላህ ይማረው አሉ። እሷ ነች የላከችሽ ብለው ጠየቁ። ጽናት መዋሸት አልሆነላትም፤ እንዲያውም ስማቸውን እንዳላነሣ ነግረውኛል አለች። ዘይቱና በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁና አጠገባቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ገፉላት።

ከዚያ በኋላ ጽናት ሐሙስ ሐሙስ ደጋን፣ በመሀሉ ደግሞ ኩታበር መመላለስ ጀመረች። ሣሩ ኩታበር ነው፤ ቁጥሩ ደጋን። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሌላ ነገር አይላላኩም። ቀዩ ደብዝዟል በያት ይላሉ ዘይቱና። ቀለሙ ያው ነው፣ ዓይኗ ነው የደከመው በያት ይላሉ ብዙዬ። ጽናት የሁለቱንም ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ታደርሳለች። መኪና ውስጥ የሣሩን እስር ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ታነበንባለች፤ ሦስት ቀይ፣ አምስት ጥቁር፣ አንድ ዝለል። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አንዳንዴ ፈንጠር ይላል።

መሥሪያ ቤቱ ይህን አላጣውም። ኃላፊዋ በሥራ ሰዓት ቦታዋ ላይ እንደማትገኝ ገልጾ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። የትኛው ቦታዬ ነው ብላ ልትጠይቀው አሰበችና ፈርማ ተቀበለች። አግማስም እንደገና መጣ፤ በዚህ ከቀጠለች እንደሚያባርሯት ነገራት። ፈርታ አንድ ሳምንት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በአምስተኛው ቀን ጉልበቷ ሥር የሚነድ ነገር ያለ መሰላት። ሐሙስ ሲሆን ሄደች። ታኅሣሥ ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈና ስሟ ወጣ፤ ኮምቦልቻ ባለው ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ተመድባለች። ሌሎቹ ርቀቱን አንሥተው አዘኑላት። እሷ ለደጋን ቀረብኩ ብላ ደስ አላት።

ክዳኑ ሊያልቅ አንድ ዙር ሲቀረው ዘይቱና ወስፌውን አስቀመጡ። ገላው ላይ እንዲገጥም የሚያደርገው ይህ ዙር ነው፣ ልኩን የምታውቀው ገላውን የሰፋችው ናት፣ ትምጣ አሉ። ጽናት መልእክቱን ኩታበር ስታደርስ ወይዘሮ ብዙዬ እግሬን ያመኛል አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ዶሮዎቼን ማን ያይልኛል አሉ። ጽናት ተስፋ ቆርጣ ተወችው። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ሙጋድ ያለው በሯ ተንኳኳ፤ ወይዘሮ ብዙዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሣር እስር በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ቤቱን በሰው በሰው ጠይቀው ነው ያገኙት።

ሐረጎን ወርደው አያውቁም ነበር። በየጠመዝማዛው የጽናትን ክንድ እየጨመቁ፣ ሹፌሩን ቀስ በል ልጄ እያሉ፣ ሁለት ጊዜ መኪና አስቁመው አስታወኩ። ከኮምቦልቻ በኋላ ሌላ መኪና ሲይዙ ደግሞ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ጽናት ለዘይቱና የሚሉትን ነገር በሆዳቸው እየደጋገሙት እንደሆነ ገባት።

ዘይቱና ከዘንቢሎቹ ሥር ተቀምጠው ነበር። አልተነሡም። ብዙዬ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ዘይቱና፣ ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ ዘይቱና። «አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሳልሽን ሰምቻለሁ።»

በመንገዱ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ። ብዙዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ቅያሜው አልለቀቀኝም፤ ወላሂ አልዋሽሽም» አሉ ዘይቱና። «ግን ቆመሽ አትቀሪ። ተቀመጪ፤ ሣሩን አሳዪኝ።»

ብዙዬ ተቀመጡ። ዘይቱና ቀዩን ሣር ወደ ብርሃን አንሥተው ደብዝዟል አሉ። ብዙዬ አልደበዘዘም አሉ። ጽናት እዚያ ምንም ሥራ እንደሌላት አየችና ወጥታ እስከ ከተማው ጫፍ በእግሯ ሄደች።

ወይዘሮ ብዙዬ ለአንድ ቀን ብለው ወርደው አሥራ ሦስት ቀን ቆዩ። ጽናት በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከመዝገብ ቤት ወጥታ ልትወስዳቸው ስትሄድ የሙዳዩን ክዳን ፈትተውት አገኘቻቸው። ገጥሞ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ጥርስ በመሀል ስቷል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልተስማሙም። ክዳኑን ከእምብርቱ ሊጀምሩት ወስነዋል። ለዚህ ደግሞ ያለው ሣር አይበቃም።

ጽናት ነገ ቅዳሜ መሆኑን አስታውሳ ኩታበር ልወጣ እችላለሁ አለች። ብዙዬ ሣሩ የት እንደተሰቀለ ነገሯት፤ ዶሮዎቹንም ጎረቤት በደንብ እያበላቸው እንደሆነ እንድታይላቸው። ዘይቱና ደግሞ ከጥቁሩ አብዝታ እንድታመጣ አሏት። ጽናት የራሷን ጅምር ስፌት ከነወስፌው በፌስታል አድርጋ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣት እየሮጠች ወጣች።