ለማሞቂያው የተሰፋ ካፖርት

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ከአባቴ የስፌት ክፍል ያመለጡ የክር ቁርጥራጮች ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራሸራሉ፤ ሰማያዊው ቀዩን ይከተላል፣ ቀዩ ትንሽ ሄዶ ቆሞ ይጠብቀዋል። ገና በደንብ ስላልነቃሁ ነገሩ ደስ አለኝ። ቤቱ ራሱ መተንፈስ የጀመረ መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫዬን ነካሁት፤ በረዶ ሆኗል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማሞቂያ እያፏጨ ይነፋል፤ የሚነፋው ግን ብርድ ነው።

«ምነው፣ ዛሬ እንኳ ብትምረን!» አልኩት ጮክ ብዬ። ዛሬ እናቴ ከሆስፒታል ትወጣለች።

እናቴ ሳንባዋን ታማ የብርዱን ወቅት እኩሌታ ያሳለፈችው ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ «ትውጣ» ሲል አጥብቆ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙቅ ቤት። ይህን የሰማችው ታላቅ እህቴ ናት፣ እሷ ደግሞ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። «ቤቱ ካልሞቀ እኔ ጋ ነው የምወስዳት፣ ብርዱ እስኪያልፍ» አለች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። አባቴ ያኔ እራቱን ሳይቀምስ ተነስቶ ስፌት ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። እናቴም ብትሆን በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል የምትጠይቀን «ቤቴ የምሄደው መቼ ነው?» ብቻ ነበር። እህቴ ዛሬ ከሆስፒታል በመኪናዋ ታመጣታለች። ቤቱ ከቀዘቀዘ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ይመለሳል።

አባቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ቆሟል። ልብስ ሰፊ ነው። ጡረታ ወጣሁ ካለ ቆየ፣ መርፌው ግን ገና አልሰማም፤ ሜትሩም ከአንገቱ አይወርድም። እኔ በልጅነቴ ልኬ የሆነ ልብስ ለብሼ አላውቅም። የሚሰፋልኝ ሁሉ እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል፣ ትከሻው ክንዴ ላይ ይወርዳል። «አባዬ፣ ትልቅ እኮ ነው!» ብዬ ሳለቅስበት ዝም ብሎ አዝራሬን እየቆለፈ «ትሞይዋለሽ» ይለኝ ነበር። ልጅነቴን በሙሉ የኖርኩት ቀድሞኝ ባደገ ልብስ ውስጥ ነው።

«ምን ሆኖ ነው የሚያፏጨው?» አለኝ።

«እሱን ጠይቀው!» አልኩ። ጠዋት ጠዋት ክፉ ነኝ።

ሪሞቱን አየሁት። የፀሐይዋ ምልክት ላይ ነው፣ ማለት ሙቀት ላይ። እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። እልህ የያዘው ይመስል ብርዱን አባሰው። ያን ጊዜ ማሞቂያውን ለገጠመልን ባለሙያ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ብርድ እየነፋብን ነው። ዛሬ ካልመጣህልኝ አለቀልኝ!»

«እህቴ፣ ከተማው በሙሉ አለቀልኝ እያለኝ ነው» አለ በተረጋጋ ድምፅ። «ከነገ ወዲያ እንጂ ዛሬ አልደርስልሽም። ግን አይዞሽ፣ በስልክ አብረን እንሞክራለን። ማጣሪያውን አውጪው እስቲ።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ማጣሪያው በክርና በጨርቅ ብናኝ ተደፍኖ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል። ቤቱ የሚተነፍሰው በአባቴ ስፌት ውስጥ ነበር ማለት ነው።

«አባዬ፣ ይኸው! ከዚህ አንድ ካፖርት ይወጣዋል» ብዬ ወረወርኩለት።

አባቴ ደንገጥ ብሎ «የምን ካፖርት?» አለ።

ልብ አላልኩትም። ማጣሪያውን አጥቤ፣ በፎጣ አድርቄ መለስኩት። ነፋሱ በረታ፣ ብርዱ ግን ያው ነው።

«የውጪውስ ሳጥን?» አለ ባለሙያው።

ይኼ ማሞቂያ እንደ ምድጃ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ትልቅ ማራገቢያ ያለው ሳጥን አለው፤ እሱ ከውጭው አየር ላይ ያለችውን ትንሽ ሙቀት ይለቅምና በቱቦ ወደ ቤት ይልካል። ጫማዬን ላጠልቅ ስል አባቴ ከለከለኝ።

«ተይው፣ አትድከሚ። ጠዋት አይቼዋለሁ። እሱ ምንም የጎደለበት ነገር የለም፤ በምቾት ተቀምጧል።»

ይህንኑ ለባለሙያው ነገርኩት።

«በምቾት?» አለ። «እህቴ፣ እስቲ በገዛ ዓይንሽ እይልኝ።»

ጓሮው ነጭ ነበር። ሣሩ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የተረሳው ባልዲ፣ ሁሉም ስስ በረዶ ለብሶ ጭጋግ ውስጥ ቆሟል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ የራሴ እርምጃ እንኳ ከሌላ ሰው እግር ስር የሚመጣ ይመስላል። ከግድግዳው ስር አንድ አጭር ወፍራም ሰውዬ ቆሟል። ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል፣ ኮሌታውን እስከ ላይ አቁሟል። «ደህና አደሩ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጠጋ ስል ሰውዬው የማሞቂያው ሳጥን ሆነ። ካፖርቱ ወፍራም ሱፍ ነው፣ ውስጡ ጥጥ ተሞልቶ በቀጥታ መስመር ተሰፍቷል። ከፊት ለፊት ማራገቢያው ላይ አዝራሮቹ ከላይ እስከ ታች ተቆልፈዋል። ኪስም አለው፣ ግራና ቀኝ።

«ለብሷል» አልኩ ስልኩ ላይ።

«ምን?»

«ካፖርት።»

«ኮሌታ አለው?» አለ ባለሙያው።

«አለው።»

«ጉድ እኮ ነው! አውልቂለት እህቴ፣ ታፍኗል እኮ! አየር ካልሳበ ሙቀቱን ከየት ያምጣው?»

ዞር ስል አባቴ በነጠላ ጫማ ከኋላዬ ቆሟል። የምለው ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ መንገድ ላይ ናት፣ ቤቱ በረዶ ነው፣ እሱ ደግሞ ለማሽን ኮሌታ ይተክላል!

«ሌት ሌት ሲያቃስት እሰማዋለሁ» አለ ቀድሞኝ። «ውጭ ብርድ ላይ ቆሞ እኛን የሚያሞቀው እሱ ነው። እሷ ስትመጣ እንዳይደክምባት ብዬ... ትናንት ነው የጨረስኩለት።»

«ኪሱስ? ኪሱ ለምንድነው አባዬ?»

«ኪስ የሌለው ካፖርት አለ እንዴ?» አለ ከልቡ ተገርሞ። ከዚያ የኔን ፊት አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ገባው። «እኔ ነኝ ቤቷን ያቀዘቀዝኩባት?» አለ።

ሆስፒታል በሄድን ቁጥር ብርድ ልብሷን ሊያስተካክልላት እጁን ሲዘረጋ ነርሷ «አባባ፣ ቱቦውን እንዳይነኩት» ትለዋለች፤ እሱም እጁን ይሰበስብና ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። እነዚያ እጆች ይህን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትተው ነበር። እሷን ማልበስ ቢከለከል ማሽኑን አለበሰ። መቆጣቱን ተውኩት።

አዝራሮቹን ራሱ ፈታቸው፣ ከላይ ጀምሮ፣ የተኛ ልጅ ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው በቀስታ። ከስሩ ሳጥኑ በወፍራም በረዶ ተጋግሯል። ቢላ ላመጣ ስሮጥ ባለሙያው በስልኩ ውስጥ ጮኸ።

«በቢላ እንዳትነኪው! ራሱ ያቀልጠዋል። ለጊዜው ሙቀቱን ከቤት ወስዶ በረዶው ላይ ያውለዋል፤ እንፋሎት ይወጣዋል፣ ቤቱም ይብስ ይቀዘቅዛል። እንዳትደነግጪ፣ እንዳታጠፊው። ታገሺው ብቻ።»

እውነትም ማራገቢያው ቆመ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ነጭ እንፋሎት ተነሳ። መጀመሪያ ግድግዳው ጠፋ፣ ቀጥሎ ገመዱ፣ ቀጥሎ አጠገቤ ያለው አባቴ። ካፖርቱን ታቅፎ ቆሟል፤ የሚታየኝ የሜትሩ ቢጫ ብቻ ነው። በዚያ ነጭ ውስጥ የት እንዳለሁ፣ ስንት ዓመቴ እንደሆነ ለአንድ አፍታ ጠፋኝ። የማውቀው የአባቴን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ከዚያ የመኪና ጡሩምባ ሰማን።

እናቴ በእህቴ ክንድ ተደግፋ ገባች። ቀሚሷ ውስጥ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ጨፍና ቤቱን አሸተተችው። እህቴ ግን የመኪናውን ቁልፍ ከእጇ ሳታወርድ ቀጥ ብላ ማሞቂያው ስር ሄደች፣ መዳፏንም ዘረጋች።

«ሙቅ ቤት ይኼ ነው?»

«እትዬ፣ በረዶውን እያቀለጠ ነው፣ ትንሽ ብንታገሰው...»

«የምን በረዶ? እሷን ነው በትዕግስት የምናሞቃት? እማዬ፣ ተነሺ፣ እንሂድ።» ቁልፉ እጇ ላይ ተንቃጨለ።

አባቴ ካፖርቱን ይበልጥ ታቀፈው። እናቴ አልተነሳችም። እሱን እያየች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው የታቀፍከው?»

እኔ ነገርኳት፤ ካፖርቱን፣ ኮሌታውን፣ ኪሱን፣ ሁሉንም። እናቴ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል መስሎን ሦስታችንም ዘለን ከበብናት፤ ሳቅ ነው። ከታመመች ወዲህ ያልሰማነው ሳቅ።

«አምጣው እስቲ» አለች።

አለበሳት። ነርስ የለም፣ ቱቦ የለም፣ ከልካይ የለም። ካፖርቱ ዙሪያዋን ዞሮ ተረፈ። እጆቿ ኪሶቹን ፈልገው አገኙና ገቡ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ታዲያ አሁን እሱ አይበርደውም?»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ አባቴ ወደኔ ዞሮ።

እህቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ልትችለው ስላልቻለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ከጓሮው ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ ማራገቢያው ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ የመጋረጃው ጫፍ መወዛወዝ ጀመረ። እህቴ መዳፏን እንደገና ዘረጋች። ብዙ ቆየች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሹራቧንም አወለቀች።

እናቴ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ክፍሉ ውስጥ ለስላሳ ሙቀት ይዞር ጀመር፤ ክሮቹ ወለሉ ላይ ቀስ ብለው ይንሸራሸራሉ። አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

«እጅጌ አወጣለታለሁ» አለ በሹክሹክታ።

ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ለካ። የዚያን ትከሻ ልክ ከገዛ ስሙ እኩል ያውቀዋል። አውራ ጣቱ ሜትሩ ላይ ያረፈበትን ቦታ አየሁት፤ እሱም አየው። ቀና ሳይል ቆየ። እህቴ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች።

«አባዬ» አልኩት፣ «ከስታለች። አሁን ባለችበት ልክ ቁረጠው።»

ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«ትሞላዋለች» አለኝ።