የሠራሁት ሕልም

ታላቅ ወንድሜ ሕልም ያያል። ሌላው ሰው ሲተኛ ያርፋል፤ እሱ ሲተኛ ሥራ ይገባል። ከመጋዘን ኃላፊነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህማ ብሶበታል፤ ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ካለ እንኳን አንድ መልእክት ይዞ ነው የሚነሣው። የጸሎት ጓደኞቹ «ባለ ራእዩ» ይሉታል። እኔ ምን እንደምለው እዚህ ባልናገር ይሻላል።

የሚገርመኝ የሕልሙ ብዛት አይደለም፤ ምቾቱ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ፀሐይ የሚገባው ትልቁ ክፍል ለማን ይሁን ስንባባል፣ በማግስቱ ጌታ በዚያ ክፍል መስኮት ቆሞ በስሙ ሲጠራው አየ። ቁም ሣጥኑን አብረን እናንሣ ስንለው ደግሞ ወገቡን እንዲያሳርፍ በሕልም ተነግሮታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ግን አንድ ቀን እንኳን ጌታ መጥቶ «ተነሥና የበላህበትን ሳህን እጠብ» ብሎት አያውቅም። ሳህኑን የምናጥበው ሕልም የማናየው እኔና ታናሽ እህታችን ነን።

እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ ከሰምና ከጀሶ ጋር ነው የምውለው። ንግግሬም እንደ ሥራዬ ነው፤ ይነክሳል። ትንሿ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ጸሎት አታስታጉልም፣ ሰው አታማም፣ እኔን ከነምላሴ ችላ ትኖራለች።

ዓምና አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየን፤ እንቅርቱ ወደ ውስጥ አድጎ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ተጭኖታል። በቀዶ ሕክምና ይውጣ፣ ከቆየ ትንፋሿን ይዘጋዋል አለን። ሰባት ወር ወረፋ ጠበቅን። በመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት ተባለ፤ ያን ቀን የቀረ እንደገና ከወረፋው ጭራ ይጀምራል።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ ባለ ራእዩ አፉን ጠረገና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሌሊት ጌታ ስለ ትንሿ ተናገረኝ» አለ።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ቢላዋ ወደ አንገቷ ሲመጣ አየሁ። ከዚያ አንድ ነጭ እጅ ከላይ ወርዶ ቢላዋውን ሰበረው። ፍቺው ግልጽ ነው፤ ቢላዋ አይነካትም። እንዲሁ ትድናለች።»

«ጋሼ፣ ስንት ሳህን በልተህ ነበር የተኛኸው?»

«አንቺ አሹፊ! አባቶች ሁሉ በሕልም ነው የተመሩት።»

«እነሱ ተመርተው ሄዱ እንጂ ተመርተው አልቀሩም!»

እሱስ ይቅር፤ እኔ ያየሁት የትንሿን ፊት ነው። እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ ተፈታ እስረኛ እፎይ አለች። «ጌታ ከተናገረ እኔ ማን ነኝ፣ እትዬ?» አለችኝ። «አልሄድም።»

 ሕልም እልም ነው ብዬ ጮህኩ። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሕልም ታምኖ ሳይታከሙ ይሞታል እንዴ? ፎቶውን አውጥቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። «በፎቶ አምኜ በጌታ ሳላምን ልቅር?» አለች፣ በዚያች ለስላሳ ድምጿ። ሰኞ ለመንኳት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ሲያፏጭ ከታች ድረስ ይሰማኝ ነበር። እሱ ደግሞ ትልቁ ክፍሉ ውስጥ በሩን ከፍቶ ያዜማል። ያየውን አይቶ ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም፤ ሆዱን ሞልቶ የተኛ ሰው ምን የማያየው አለ? ግን የሌላ ሰው ትንፋሽ ላይ እንደዚህ ቀልሎት መፍረዱ አንጀቴን አሳረረው።

ማክሰኞ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ለአንዲት ባልቴት የፊት ጥርስ እደረድራለሁ። የሥራችን ምሥጢር ይህ ነው፦ ጀማሪ ጥርሱን ሁሉ ነጭና ቀጥ ያለ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ አፉን በከፈተ ቁጥር ሕፃን እንኳን «የተገዛ ነው» ይላል። የሚያውቅ ሰው አንዱን ትንሽ ያጣምማል፣ አንዱን ትንሽ ያደበዝዛል። ሰው የሚያምነው ጉድለቱን ነው። የባልቴቲቱን ጥርስ እያጣመምኩ ሳለ መጣልኝ። ትንሿ ሐኪም አትሰማም፣ እኔን አትሰማም፤ ሕልም ግን ትሰማለች። እሾህን በእሾህ አልኩ።

ያን ቀን ሁለት ሥራ ሠራሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሕልም ብርሃን፣ ነጭ ልብስ፣ የመላእክት ዝማሬ ነበረበት፤ ጣልኩት፣ የጀማሪ ሥራ ነው። ብርሃኑን አጠፋሁ። ሰውየውን ተራ ሰው አደረግሁት፤ ከኮቱ አንድ ቁልፍ አወለቅሁለት። እኔንም መጥፎ አደረግሁ፤ ይህ እንኳን ብዙ አላደከመኝም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቡድኑ ሳሎናችን ውስጥ ይሰበሰባል። ሰባት ስምንት ሰው ይሆናሉ፤ ከጸለዩ በኋላ ያዩትን ይናገራሉ። አንዷ ውሃ አየች፣ አንዱ መሰላል አየ፤ ባለ ራእዩ ሁሉንም እንደ መጋዘን ዕቃ መደርደሪያ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። እኔ ጀሶው ከእጄ ሳይለቅ ገባሁና በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«እኔም አይቻለሁ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ትንሿ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ሥራ ላይ ሆኜ አንድ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። ኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ የለም። ውሃ ስጪኝ አለኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ ተመለስ አልኩት።»

«ወይ አንቺ!» አለች አንዷ አሮጊት፤ ያን ጊዜ እንዳመኑኝ አወቅሁ።

«አልተቆጣም። እጁን ሳየው ታጥቧል፣ ጓንት አጥልቋል። ‹እህትሽን ንገሪያት፤ ሐሙስ ጠዋት ጓንቴን አድርጌ እጠብቃታለሁ› አለኝና ወጣ።»

ትንሿ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሌሎቹ ሃሌ ሉያ አሉ። እኔ ባለ ራእዩን ነበር የማየው፤ አሁን ይነሣል፣ ውሸት ነው ይላል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ጓንቱን እኔም አይቼዋለሁ!» አለ። «ያ ነጭ እጅ ያልኳችሁ! ነጭ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ጓንት ነዋ! የተሰበረው ቢላዋም የበሽታው ቢላዋ ነው። ይኸው ተፈታ!»

ሕልም እንደ ፈቺው የሚሉት ለካ ይህን ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ንቄው አላውቅም። ግን ምላሴን ዋጥኩ፤ ትንሿ እያለቀሰች «እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ» ትል ነበርና።

ሐሙስ በጋሪ አልጋ እየተገፋች ስትገባ እየሳቀች ነበር። አንዷን ነርስ ጓንቷን አይታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻት፤ ነርሷ ግራ ገባት። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ባለ ራእዩ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ለማያውቃቸው ሰዎች ጌታ በሕልም እህቱን ወደ ሐኪም እንዲልካት እንዴት እንዳዘዘው ይተርካል። እንዲልካት! ሰዎቹም ስልክ ቁጥሩን ይቀበሉታል። ከዚያ ሐኪሙ ወጣ፤ ቆቡን አወለቀና ሁሉም በደኅና ወጥቷል አለን። ቧንቧዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፣ ሌላ ሁለት ወር አትቆይም ነበር አለ። ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ፊቷ ጠውልጓል፣ ትንፋሿ ግን ድምፅ የለውም። ድንቅ ነገር ነው፣ ዝም ያለ ትንፋሽ። ብዙ እንዳትናገር ተከልክላለች። በእጇ ጠራችኝ፤ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለምኜዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ በሕልሜ ና ብዬ። መጥቶ አያውቅም።»

«አትናገሪ፣ ይቆስልብሻል» አልኳት።

«ላንቺ መጣ። ለምታሾፊበት። ውሃ እንኳን ከለከልሽው፣ እሱ ግን አልተቆጣሽም። እኔ ምን አጥፍቼ ነው?»

 እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብነግራት ግን እየሳቀች ቢላዋ ሥር የገባችው በእኔ ውሸት እንደነበር ታውቃለች፤ ጓንት አድርጎ የጠበቃት ጌታ አልነበረም ማለት ነው። ስፌቷ ገና አልደረቀም። አላውቅም አልኳት። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ፋሻው ውስጥ ገባ፤ በመሐረቤ ጠረግሁላት።

«ከረቡዕ ጀምሮ እየቀናሁብሽ ነው» አለች። «ኃጢአት ነው፣ አውቃለሁ። ሳልነግርሽ ብሞት ብዬ ፈርቼ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ጠበቀች። ወንድሜን ሃያ ዓመት ንቄዋለሁ፤ የዚያን ጊዜ ግን የእሱ አፍ ከእኔ አፍ የተሻለ ንጹሕ መሰለኝ።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።