የዲምቾቮ አርባ

እኛ ቢሮ አሮጌ ኮድ ዝም ብሎ አይሰረዝም። በከተማችን፣ በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ፣ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት በሩ ላይ እንደሚለጠፍ ሁሉ፣ እኛም ለሚሰረዘው ፋይል የሞት ማስታወቂያ አትመን ወጥ ቤቱ በር ላይ እንለጥፋለን። እስከ አርባ ቀን ተቃዋሚ ከጠፋ ይሰረዛል። ሰራዡም ስኳር የተነሰነሰበት ንፍሮ ያመጣል።

ሶፍትዌራችን የመንደሮችን የውሃ ፓምፕ የሚያዝ ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ለስድስት ወር ሙከራ ስቀጠር ሁሉም የሸሸውን፣ የየፋይሉን ስምና ሥራ የሚዘረዝረውን የሰነድ ማውጫ አሸከሙኝ። ካላለፍኩ መመለሻዬ የስልክ ጥገናው ኪዮስክ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ራሴን አስተምሬ ነው ያወቅሁት። ጎኔ የሚቀመጠው ቦይኮ ግን ዲግሪውን እንደ ክራባት አንገቱ ላይ አስሮ ይውላል።

ማውጫው ውስጥ «ዲምቾቮ» የሚል የፓምፕ ማዘዣ ፋይል አገኘሁ። ካርታ ላይ እንዲህ የሚባል መንደር የለም። ለጠፍኩት።

በአርባኛው ቀን ጠዋት አለቃችን አቶ ስታመን ሙከራዬን ሊገመግሙ አጠገቤ ቆሙ። ንፍሮው ጠረጴዛዬ ላይ ይጨሳል። ልሰርዘው ጣቴን ሳነሣ፣ ሁለት ወር ልጃቸው ዘንድ ከርመው ያን ዕለት የተመለሱት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ስታንካ ከበሩ ጮኹ።

«ምነው ልጆች፣ መንደሬን ገደላችሁት?»

«እንዲህ የሚባል መንደር የለም እኮ፣ እትዬ ስታንካ።»

«የለም? እኔ ታዲያ ከሰማይ ወረድኩ? መንግሥት ሲለወጥ ስሙን ቪሽኔቮ አሉት እንጂ! ወንድሜ ዛሬም ከዚያው ቧንቧ ነው የጠጣው።»

ቦይኮ ሳቀ። «ራሊትሳ፣ አገር ምድሩን በውሃ ጥም ልትፈጂው ነበር!»

«አንተስ አርባ ቀን ሙሉ በዚህ በር ስትመላለስ ማቀዝቀዣውን እንጂ ወረቀቱን መች አየህ?» አልኩት።

ወደ አቶ ስታመን ዞርኩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ቃሉ እንደ አጥንት ጉሮሮዬን እየቧጠጠ ነው የወጣው። «እትዬ ስታንካ፣ እስኪ እዚህ ይቀመጡ። ስሙ የተለወጠ ሌላ መንደር ያውቃሉ?»

እስከ ምሳ አሥራ አንድ ቆጠሩልኝ። ሦስቱ በሚቀጥለው ወር ልገድላቸው ያሰለፍኳቸው ነበሩ። ሁሉንም በአሮጌውም በአዲሱም ስማቸው ማውጫው ላይ አስገባሁ።

«ሙከራው አብቅቷል» አሉ አቶ ስታመን። ኪዮስኩ ታየኝ። «ውልሽን ነገ ፈርሚ። ስምሽንም ማውጫው አናት ላይ ጻፊ፤ የሚሳደብ ሲመጣ ማንን እንደሚሳደብ ይወቅ።»

እትዬ ስታንካ ማስታወቂያውን ከበሩ ገነጠሉት። «ይሄ ንፍሮስ? በቁሙ ላለ ሰው አይበላም።»

ቦይኮ አምና የጻፈው፣ እስካሁን ማንም ያልተጠቀመበት ፋይል ትዝ አለኝ። ንፍሮው ሳያድር የእሱን የሞት ማስታወቂያ አትሜ ለጠፍኩለት።