ቢጫዋ ካሬ

ባሌ አናጢ ነው። ድሮም ቃል ቆጣቢ ነበር፤ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ ስለሚውል «ያንተ አፍ ለወሬ አልተፈጠረም» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ጡንቻ የሚያዝል በሽታ እግሩን፣ እጁን፣ አንደበቱን ተራ በተራ ወስዶ የቀኝ እጁን አንድ ጣት ብቻ ተወለት። ዓይኑም ያለፈቃዱ ስለሚርገበገብ በጥቅሻ መግባባት አልሆነልንም።

ትንሹ ልጃችን ፕሮግራመር ነው። ለአባቱ ብሎ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፕሮግራም ሠራ። ስክሪኑ ላይ ጥቂት ቃላት ተደርድረዋል፦ አዎ፣ አይ፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ አገላብጡኝ። ቢጫ ካሬ ከቃል ወደ ቃል ትሄዳለች፤ የፈለገው ቃል ላይ ስትደርስለት ቁልፍ ይጫናል። በእሷ ደህና ስንነጋገር ከረምን። ኋላ ልጁ ስጦታ ጨመረበት፤ አባቱ መናገር ሳያቅተው በፊት የቀዳውን ድምፅ አስገባበት። ባሌ በገዛ ድምፁ «ውሃ» ሲል ሰምቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ መልሱ ይዘባረቅ ጀመር። ትንፋሹም እያጠረ ሄደ። የምታክመው ሐኪም ቤታችን ድረስ መጣችና «ጉሮሯቸው ተበስቶ ቱቦ ገብቶ በማሽን ካልተነፈሱ ብዙ አይቆዩም። ከገባላቸው ይቆያሉ፤ ከአልጋው ግን አይነሱም። ውሳኔው የእርሳቸው ነው። ብቻ መረዳታቸውን ላረጋግጥ» አለች። ወደ እሱ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ እኚህ ባለቤትዎ ናቸው?» ስትል ጠየቀችው።

ካሬዋ ዞረች። ጣቱ ተጫነ። «አይ» አለ ድምፁ።

«እሱስ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

«ሥራዎ አናጢነት ነው?»

«አገላብጡኝ።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «አእምሯቸውም የደከመ ይመስለኛል። እንግዲህ ቤተሰብ ይወስን፤ ነገ እመለሳለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ። እሱ ካልቻለ ወሳኟ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንዴትም ሆኖ ይኑርልኝ ባይ ነኝ። ታላቋ ልጄም «ይግባለት እንጂ እማ፣ ምኑ ያጠያይቃል?» አለች።

ትንሹ ግን አልተዋጠለትም። ላፕቶፑን ከአባቱ ፊት አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና እህቱን «እኔን ጠይቂኝ» አላት።

«ወንድሜ ነህ?»

ካሬዋ አዎ ላይ እስክትደርስ ጠብቆ ተጫነ። «አይ» አለ የአባቱ ድምፅ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

«ጥፋቱ የአባዬ አይደለም፣ የፕሮግራሙ ነው» አለ። «ሥራው ሁሉ አንድ ትሬድ ላይ ነው የተጫነው፤ አንድ ሠራተኛ በዪው። ካሬዋን የሚስለውም እሱ፣ ድምፁን ከፋይል አውጥቶ የሚያዘጋጀውም እሱ። ድምፁ ላይ ሲያተኩር ካሬዋን መሳል ያቆማል። የቃላቱ ተራ ግን በሰዓት ስለሚቆጠር ስዕሉን አይጠብቅም። አባዬ የሚያየውን ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ የደረሰበትን ይይዛል።»

«ታዲያ ሳትሞክረው ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለች እህቱ።

«የእኔ ኮምፒውተር ፈጣን ነው። እዚያ ላይ አይታወቅም።»

ኮምፒውተር ባላውቅም ነገሩ ገባኝ። አንዱን ሰው ድስት አማስል፣ በርም ክፈት ካልከው ወይ ድስቱ ያራል፣ ወይ እንግዳው ደጅ ይቀራል።

ልጄ የድምፁን ሥራ ከጀርባ ለሚሠራ ሌላ ትሬድ ሰጠው፤ የፊተኛው ከመሳል በቀር ጣጣ እንዳይኖረው አደረገ። ካሬዋ ሳትደናቀፍ መሄድ ጀመረች። «ተወው፣ እንደነበረው ይሁን» ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩና ዋጥኩት።

በማግስቱ ሐኪሟ ያንኑ ጠየቀችው። ባለቤትዎ? አዎ። አናጢ? አዎ። ልጅዎ ሐኪም ነው? አይ። አንዱንም አልሳተም። ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠጋች።

«አባባ፣ ቱቦው እንዲገባልዎ ይፈልጋሉ?»

«አይ።»

«ሳይገባ ይቅር?»

«አዎ።»

ታላቋ ልጄ ፊቷን ሸፈነች። እኔ የትንሹን ክንድ ጨበጥኩት። «ካሬዋ ደግሞ ቆማ ይሆናል። እስቲ እያት፣ ቆማ ይሆናል እኮ!»

«አልቆመችም፣ እማ» አለኝ፤ እንባው እየወረደ። «አልቆመችም።»

ሐኪሟን ገፋ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «ለእኔ ስትልስ?» አልኩት። «ለእኔ ብለህ አትቆይም?»

ካሬዋ ጉዞዋን ቀጠለች። አዎ ላይ ደረሰች፤ ጣቱ አልተነቃነቀም። አይ ላይ ደረሰች፤ አሁንም ዝም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር ሄደች፤ እሱ ስክሪኑን ትቶ እኔን ብቻ ያያል። እምቢ ሊለኝ አልሆነለትም፤ እሺ ሊለኝም አልቻለም።

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንስቼ በእጄ ያዝኩት። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሬ ቱቦው ይቅር አልኳት።