የኬኦ ሞል ስም ያላለፈበት በር

የሰደበኝ ቪቦል ነው፤ የእኅቴ ባል። ቀኑንም አልረሳሁትም፤ ባለፈው ሚያዝያ፣ የአገራችን አዲስ ዓመት ሁለተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጠን። የፓጎዳው ሽማግሌ ታ ዮን በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ “ታይላንድ ያሉ ልጆቻችን እዚያው ሆነው ለሙታኖቻቸው መባ የሚልኩበት ድረ-ገጽ ያስፈልገናል፤ ሳቩት ይሥራልን” አሉ፤ ሳቩት እኔ ነኝ። ቪቦል የቢራ ጣሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

“ታ፣ ቦንግን አያድክሟቸው” አለ። ታ አያት ማለት ነው፤ እኔን ቦንግ የሚለኝ ታላቁ ስለሆንኩ ነው፤ አንቱም ይለኛል፤ እሱ ስድብን በክብር ጠቅልሎ ነው የሚያቀብለው። “ትምህርት ቤት የሄዱት ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው። ጭንቅላታቸው ቤት ነው የቀረው።”

ሁሉም ሳቀ። እኅቴ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ግን ሳቀች።

እሱ ራሱ ስንት ክፍል ደረሰና ነው? እኔ ሰባተኛ ላይ ያቋረጥኩት አባቴ ሞቶ ነው። ከዚያ በኋላ የጽሕፈት ትምህርት ቤት ከፍቼ የከተማችንን የባታምባንግን ግማሽ ጸሐፊ በአሥር ጣት እንዲጽፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስልክ መጣና ሰው ሁሉ በሁለት አውራ ጣት መነካካት ሲጀምር ትምህርት ቤቴ ተዘጋ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ ዛሬ ቪቦል ስልክ ይሸጣል። ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ሰጥቶኛል፤ ለእሷም በየቀኑ ምስጋና ይጠብቃል።

ድረ-ገጹን ሠራሁት። ማታ ማታ ከቪዲዮ እየተማርኩ፣ እየፈረሰብኝ፣ ሠራሁት። የፕቹም ቤን በዓል ሲደርስ ሥራ ጀመረ። በእነዚያ ቀናት የተራቡ ሙታን ከፓጎዳ ፓጎዳ እየዞሩ በስማቸው የቀረበ ሳህን ይፈልጋሉ፤ ያላገኘ ሙት ቤተሰቡን ይረግማል። ላኪው የሟቹን ስም ይጽፋል፣ በባንክ ሒሳቡ ይከፍላል፤ ስሙ ታትሞ በመጨረሻው ቀን መነኮሳቱ ይጠሩታል።

ለአብዛኛው ሰው ሠራ። ለአንዳንዱ ግን ገና “ክፈል” የሚለውን ሲጫን “ተቀባይነት አላገኘም” ይለዋል። ለምን ለእነሱ ብቻ እንደሆነ አልገባኝም።

“ቦንግ፣” አለ ቪቦል ለደንበኞቹ እንዲሰማ አድርጎ፣ “አንዱን ያስገባል፣ አንዱን ይመልሳል። ይሄ ድረ-ገጽ ነው ወይስ የጭፈራ ቤት ዘበኛ?”

በበዓሉ የመጨረሻ ቀን ዋዜማ ጠዋት ዪየይ ቱን ምርኩዛቸውን እያንኳኩ መጡ። ዪየይ አያት ማለት ነው፤ ለመንደሩ ሰው ሁሉ አያት ናቸው። ልጃቸው ፓንሃ ታይላንድ፣ ራዮንግ ወደብ፣ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ይሠራል። ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

“ዪየይ፣ ውሃ ላምጣ?”

“ውሃ አልፈልግም። ልጄ አለቀሰ።”

“ምን ሆኖ?”

“ይሄ ያንተ ነገር ደጋግሞ መለሰው። ከአባቱ ጋር ተጣልቶ እንደሄደ ታውቃለህ፤ ሲሞትም አልደረሰም። ዛሬ ደውሎ ‘እማዬ፣ አባዬ እጄን መለሰው፤ ከእንግዲህ አልሞክርም’ አለኝ።”

“የማሽን ጉዳይ ነው እኮ ዪየይ። ሙታን እዚህ ውስጥ የሉም።”

“ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሱ አሳየው! የእኔን ሳህን እኔው አደርሳለሁ። የእሱን እኔ ብሰጥለት ግን ምን ይረባል? የእሱ እጅ ነው መግባት ያለበት። ነገ ስሙ ሳይጠራ ከቀረ ልጄ ወደዚህ አገር ፊቱን አያዞርም።”

ቪቦል ከባንኮኒው ኋላ ሳቀ። “ዪየይ፣ ባለቤትዎ ኬኦ ሞል በሕይወት እያሉም ቶሎ እሺ አይሉም ነበር።”

“አንተ ስትሞት” አሉት ዪየይ ዞር ሳይሉ፣ “ሩዝ አናቀርብልህም። ቻርጀር ነው የምናቀርብልህ።”

ዋና ከተማው ፕኖም ፔን ወዳለው የክፍያ ድርጅት ደወልኩ። ማካራ የምትባል ባለሙያ አነሳች። ሌሎቹ “ነገ ደውሉ” ነበር የሚሉኝ። እሷ ግን “ፑ፣ አብረን እንየው” አለች፤ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ደስ አለኝ።

“ማኅተሙ አይገጥምም” አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የእኔ ድረ-ገጽ ትእዛዙን ሲልክ ከጽሑፉ ራሱ የተሰላ ማኅተም ይለጥፍበታል። እነሱ ጋ ሲደርስ በደረሳቸው ጽሑፍ ላይ ያንኑ ስሌት ይሠራሉ። በመንገድ ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሁለቱ አይገጥሙም፤ ሌባ ነካው ብለው ይመልሱታል።

በስልኬ “ኬኦ ሞል” ብዬ ጻፍኩና ላክሁ። አለፈ!

“እኔ ስጽፈው ያልፋል እኮ!”

“እንግዲያው ፑ፣ በሩ እርስዎን ያውቅዎታል” ብላ ሳቀች። ከቪቦል ሳቅ ጋር አይገናኝም። “ቆይ፣ የልጁን እንየው። እርስዎ ጋ ስሙ ስንት ባይት ነው?”

ነገርኳት።

“እኛ ጋ ሲደርስ በሦስት ያንሳል። የሌላውን የተመለሰ ይንገሩኝ... ይሄ በስድስት ያንሳል። ይሄኛው ደግሞ በሦስት።”

ባይት ማሽን የጽሑፍን ርዝመት የሚለካበት ነው፤ በእኛ ጽሕፈት አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ፊደል የሚያህል ነገር ጠፍቷል። እኔ የጻፍኩትንና ፓንሃ የላከውን ስም ጎን ለጎን አስቀምጬ ዓይኔን እስኪያመኝ አየሁ፤ የጎደለ ፊደል የለም።

“እኛ የማይታይ ቆሻሻ ሲመጣ አጥበን ነው የምናስገባው” አለች ማካራ።

“የማይታይ?” ወደ ዪየይ ዞርኩ። “ፓንሃ በስልኩ ነው የሚጽፈው?”

“ስልኩ ባሕር ገባበት። ወደቡ አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት ያላት የእኛ አገር ልጅ አለች፣ ስሬይኒች፤ እሷ ናት የምትጽፍለት። ቁልፎቹን ሳታይ ነው አሉ የምትጽፍ፤ አሥሩም ጣቷ ይሄዳል።”

“ከየት ተማረች?”

“ከየት ትማራለች? ከዚሁ ከአንተ ነዋ!”

ብድግ አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር የድሮ ኪቦርዴን አውጥቼ አቧራውን እፍ አልኩና ሰካሁት። ጣቶቼን ቦታቸው ላይ አሳርፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሟቹን ስም ጻፍኩ። በኬኦ እና በሞል መካከል አውራ ጣቴ ረጅሙን ቁልፍ መታ። እኔ አላዘዝኩትም፤ እሱ ራሱ መታ።

እኛ ቃል ከቃል ሳንለይ አያይዘን ነው የምንጽፈው። የተማረ ጸሐፊ ግን ቃሉ ባለቀ ቁጥር ረጅሙን ቁልፍ ይመታል። በእኛ ኪቦርድ ምንም አይታይም፤ የማይታይ ክፍተት ይገባና መስመሩ ሲሞላ ማሽኑ የት እንደሚቆርጥ ያውቃል፤ አለዚያ የሰው ስም መሐል ለመሐል ይሰበራል። ተማሪዎቼን “አውራ ጣት አይተኛም!” እያልኩ በማስመሪያ ጠረጴዛ ስደበድብ የኖርኩት ለዚህ ነው። በስልክ የሚነካካው ሰው ይህን አያደርግም፣ አያውቀውምም። የእኔ ድረ-ገጽ ማኅተሙን ክፍተቱን ጨምሮ ያሰላል፤ እነሱ ክፍተቱን ያጥቡታል፤ ማኅተሙ አይገጥምም። ተባርረው የተመለሱት ሁሉ በደንቡ የተጻፉት ነበሩ!

ለማካራ ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራት። “ፑ! ይሄንን እኮ እኛም ወራት ስንፈልገው ነበር። በቃ ሰዎቹ በስልክ ይጻፉ በሏቸው፣ ይቀላል።”

“አይሆንም” አልኳት። “እነሱ ምንም አላጠፉም።”

ስሙን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። አንዱ እንደተጻፈ፣ ከነክፍተቱ፣ ለፓጎዳው ወረቀት። ሌላው አስቀድሞ ታጥቦ፣ ከታጠበ በኋላ ማኅተም ተለጥፎበት፣ ለክፍያው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ቪቦል ስልክ መሸጡን ትቶ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ዪየይ በራሳቸው ስልክ፣ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ወደ ስሬይኒች ቤት ደወሉ። ፓንሃ እዚያ ነበር።

“አንዴ ብቻ ሞክር።”

“እማዬ፣ ተይኝ በቃ። አልፈለገኝም።”

“አባትህ አልመለሰህም፣ የሳቩት በር ነው የመለሰህ! አሁን በሩ ተሠራ። ጻፊለት አንቺ ልጅ፣ እንዳስተማረሽ ጻፊ!”

ከወዲያ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ፤ ፈጣን፣ እኩል፣ የእኔ እጅ። ረጅሙ ቁልፍ ሲመታ ለየሁት። ከዚያ ቁልፎቹ ቆሙ። መጀመሪያ የጮኸችው በእኔ ስልክ መስመሩን ያልዘጋችው ማካራ ናት፤ “ገባ! ፑ፣ ገባ!” ከዚያ የፓንሃ ድምፅ መጣ፤ ማያው ላይ የወጣውን እያነበበ፤ “ተቀብለናል... እማዬ፣ ተቀብለናል ይላል።” ዪየይ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ደጋግመው መቱት። የተመለሱት ሌሎቹም እስከ ምሳ ሰዓት ተራ በተራ ገቡ።

በማግስቱ ፓጎዳው ሞልቶ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ነው። ስሞቹ ሲጠሩ ዪየይ ቱን ስልኬን ከፍ አድርገው ያዙ፤ ፓንሃ በወዲያ በኩል ያዳምጣል። ወረቀቱ ላይ አንድም ስም መሐሉ አልተሰበረም። “ኬኦ ሞል” አሉ መነኩሴው፣ “ከልጁ ከፓንሃ።” ከስልኩ ውስጥ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ፣ ሁላችንም ሰማነው። ታ ዮን ወደ እኔ አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አገናኝተው አጎነበሱ። ለእኔ!

የተጠቀለለበትን ቅጠል ልጬ የሩዝ ቂጣዬን ስበላ ቪቦል መጣ። ሚያዝያ ላይ ማንጎው ሥር የነበሩት ሁሉ ከኋላው ቆመዋል፤ እኅቴም አለች።

“ቦንግ” አለ፤ ድምፁ ዛሬ ለስላሳ ነው። “ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል። እስቲ ይንገሩን፣ በምን አወቁት?”

ከሚያዝያ ጀምሮ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ፤ በየሌሊቱ የሳልኩት። ሁሉም አፌን ያያል። የተጣበቀብኝን ሩዝ ትምህርት ቤት ከሄዱት ጣቶቼ ላይ ላስኩ፤ ከትንሿ ጀምሬ፣ አውራ ጣቴን መጨረሻ ላይ። ከዚያ በሩ አጠገብ ከተከመረው ጫማ መሐል የእኔን ፈልጌ ተጫማሁና ጭቃውን እየረገጥኩ ወጣሁ።