ሳይቀመስ ያለፈው ነጭ ሳጥን

ቡና ቀማሽ የነበረ ሰው ራሱ ጡረታ ቢወጣም ምላሱ ጡረታ አይወጣለትም። አቶ ከፈለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጅማ ቅምሻ ቤት ውስጥ ቡና በማንኪያ እየማጉ ሲተፉ ኖረዋል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ የሚመጣው ቡና በእሳቸው ምላስ ሳያልፍ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም ነበር። መሬት ላይ የተሰጣውን፣ ጆንያ ውስጥ የሻገተውን፣ ከሳሙና ጋር ተጭኖ የመጣውን ሁሉ ከአንድ ማንኪያ ያውቁታል። ጡረታ ወጥተው ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከተቀመጡም በኋላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያቆዩና «ሙሉእመቤት፣ ሽንኩርቱ የትናንት ነው» ይላሉ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ይህን አመል አርባ ዓመት ታግሠዋል፤ ትዕግሥታቸው እንዴት እስካሁን እንዳላለቀ እሳቸውም ይገርማቸዋል።

እንዲህ ያለውን ሰው የስኳር በሽታ ያዘው። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላቸውና ጣፋጭ የሚባል ነገር ሁሉ ከለከላቸው። አቶ ከፈለ ኪኒኑን ሰዓት ጠብቀው ይውጣሉ፤ ምግቡንም ይጠነቀቃሉ። ያለ ስኳር የሚጠጣው ሻይ ግን አልዋጥላቸው አለ። ይህንኑ ብሶት በስልክ ለልጆቻቸው አሰሙ። ሁለት ልጆች አሏቸው፦ ወንዱ ልዑል አሜሪካ፣ ሴቷ ናርዲ ጀርመን። ሁለቱም አባታቸውን ይወዳሉ፤ አንዱ ከሌላው አብልጦ እንደሚወድ ለማስመስከርም ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሽቀዳደማሉ።

በ2002 ዓ.ም. ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከሁለቱም እቃ መጣ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ። በሁለቱም ውስጥ ከረሜላና ቸኮሌት ለጎረቤት ልጆች፣ ለአባት ደግሞ ለብቻው የተጠቀለለ ነገር ነበረበት።

አቶ ከፈለ ከረሜላው ሳይቀመስ ለሰው ልጅ አይሰጥም አሉ።

«ሐኪሙ የከለከለህን?» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት።

«ቀማሽ መች ይውጣል?»

የድሮ ማንኪያቸውን አወጡ፤ ለብ ያለ ውሃና መትፊያ ጣሳ አስቀረቡ፤ ከረሜላውን በየተራ እያሟሙ፣ እየማጉ፣ እየተፉ ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ጀመር። የአሜሪካው ሰማያዊ ከረሜላ ምላሳቸውን ሰማያዊ አደረገው። «ስኳሩ የሸንኮራ አይደለም፤ ወፈር ይላል፣ ከኋላም ይከተላል» ብለው ጻፉ። በኋላ ልዑል በስልክ ሲጠየቅ እዚያ ከረሜላ የሚሠራው ከበቆሎ በሚወጣ ሽሮፕ ነው አላቸው፤ አቶ ከፈለ የዚያን ቀን መንደሩን ሁሉ በኩራት ዞሩት። የአሜሪካውን ቸኮሌት «ወተቱ ሊቆመጥጥ ሲል የደረሱበት» አሉት። የጀርመኑ ቸኮሌት ወተቱ ደህና ነው፤ ከረሜላው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ጣፋጭነቱ ዝቅ ያለ፣ ጉምዛዜው ንጹሕ። ናርዲ ቀለሙ ከካሮትና ከቀይ ሥር የወጣ ነው ብላለች። ጥቁሩ የጀርመን ከረሜላ ግን ጨው ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ልጃቸው ተሳስታ የላከችው መስሏቸው ለማንም እንዳይነገር አዘዙ።

ቀጥሎ የአባት ድርሻ ተከፈተ። ልዑል የላከው በትንንሽ አረንጓዴ ወረቀት የታሸገ ነጭ ዱቄት ነው። ስኳር ይመስላል። አቶ ከፈለ ቀምሰው «ጣፋጭ፤ መጨረሻው ላይ ቅጠል ቅጠል ይላል» ብለው ጻፉና ሻያቸው ውስጥ ጨመሩት። ናርዲ የላከችው ሦስት ጠፍጣፋ ነጭ ሳጥን ነው። ጫን ሲሏት ቀጭ ትልና ከሥሯ አንዲት ደቃቃ ነጭ ፍሬ ትወርዳለች፤ የስኳር ኪኒናቸውን ታክላለች ቢባል ማጋነን አይደለም። ጽሑፉ ሁሉ ጀርመንኛ ነው። የዚያኑ ዕለት ናርዲ ደወለች።

«አባዬ፣ ሳጥኗን ጫን ስትላት አንድ ፍሬ ትወርዳለች። አንድ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት። ብቻ በቀን ከአሥር እንዳታልፍ፣ ሌላው ደግሞ...»

መስመሩ ተቋረጠ። በዚያ ዘመን የጅማ ስልክ ሰውን አስጀምሮ የማስጨረስ ልማድ አልነበረውም። አቶ ከፈለ ግን የቀረውን በራሳቸው ጨረሱት። ፍሬ ነው፤ ይቆጠራል፤ በቀን ከዚህ እንዳያልፍ ተብሏል፤ የመጣውም ከጀርመን ነው። እንግዲህ የስኳር መድኃኒት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሆስፒታሉን ኪኒን እየዋጡ ሌላ መድኃኒት መደረብ ደግሞ ልክ አይደለም ብለው ሳጥኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጧቸው። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ለራሳቸው።

ሐጂ ቲጃኒ የመጡት በሳምንቱ ነው። ሐጂ ቲጃኒ የአጋሮ ቡና አቅራቢ ናቸው፤ ከአቶ ከፈለ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አንድ መኪና ሙሉ ቡናቸውን አቶ ከፈለ በአንድ ስኒ ምክንያት መለሱባቸው። ሐጂው ለመኗቸው፣ ተቆጡ፣ ሽማግሌ ላኩ። አቶ ከፈለ ንቅንቅ አላሉም። ከዓመት በኋላ ሐጂው ቡናው መሬት እንዳይነካ የማስጫ አልጋ አሠርተው ንጹሕ ቡና ይዘው መጡና አንደኛ ደረጃ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ሆኑ፤ እንደ ወንድማማች በአንድ በሽታም ተያዙ።

«ኪኒኔ አለቀ» አሉ ሐጂው ገና ከመቀመጣቸው። «አጋሮ የለም አሉኝ። እዚህ ሆስፒታል ደግሞ ሰልፉ ቀን ሙሉ ነው። ቡናው እየተለቀመ ሰልፍ ላይ ልዋል? ማሎ፣ ምን ይሻለኛል?»

አቶ ከፈለ ተነሥተው ሁለት ነጭ ሳጥን አመጡ።

«ናርዲ የላከችው ነው፣ የጀርመን። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት።»

ሐጂው ሳጥኗን ጫን አደረጓት። ፍሬዋ መዳፋቸው ላይ ወረደች።

«ቀምሰኸዋል?» አሉ እየሳቁ።

«ኪኒን ደግሞ ይቀመሳል እንዴ? ይዋጣል እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሐጂው ሁለት ፍሬ በውሃ ዋጡና ጀዛከላህ ብለው አመስግነው ወደ ለቀማቸው ተመለሱ።

ሁለት ወር አለፈ። ጥር መጨረሻ ላይ ልዑል ደወለና እናቱን ሲያነጋግር እኅቱ ስለላከችው ነጭ ሳጥን ሰማ። ስልኩ ለአባትየው እንዲሰጥ አደረገ።

«አባዬ፣ እሱን እንዳትነካው! ውስጡ ያለው ነገር አሜሪካ ከአርባ ዓመት በፊት የተከለከለ ነው!»

አቶ ከፈለ ደነገጡና ናርዲ ጋ አስደወሉ። ናርዲ በሳቅ ፈነዳች።

«ይከልክሉት፤ እኛ ስንበላው ነው የኖርነው። የእሱ አረንጓዴ ወረቀት እኮ ነው እዚህ ጀርመን ያልተፈቀደው! ንገረው።»

አሜሪካ የከለከለችውን ጀርመን ትበላለች፤ ጀርመን ያልፈቀደችውን አሜሪካ ትበላለች። አቶ ከፈለ አንድን ነገር በወሬ ጥለውም በወሬ አንሥተውም አያውቁም። ሰው ሁሉ ተበላሸ ያለውን ቡና እንኳ ሳይቀምሱ አይጥሉም ነበር። ስለዚህ ሁለት ስኒ ሙቅ ውሃ አስቀርበው በአንዱ አረንጓዴውን ወረቀት ገለበጡ፤ በሌላው ከቀረችው ሳጥን ሁለት ፍሬ ጣሉ። ፍሬዎቹ ትንሽ አረፋ አውጥተው ሟሙ። ማንኪያቸውን ነከሩና ማጉ።

ጣፋጭ ነው።

ማንኪያውን በውሃ አጥበው ደገሙት። ጣፋጭ ነው፤ ከአረንጓዴው የባሰ ጣፋጭ፤ ምንም መድኃኒት መድኃኒት የሚል ነገር የለውም። አንዷን ፍሬ ሳያሟሙ ምላሳቸው ላይ አደረጓት። ያው ነው። መትፋቱን ረሱት። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሲገቡ ባላቸው ማንኪያ እንደያዙ ፊታቸው አመድ መስሎ አገኟቸው።

«ምን ሆንክ?»

«ቲጃኒን ገደልኩት» አሉ አቶ ከፈለ።

ወዲያው ወደ አጋሮ ስልክ ተደወለ፤ አይሠራም። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነው የሄዱት። መጀመሪያ «ስልኩ ተቋረጠ እኮ» የሚለውን አሰቡ። ቀጥሎ «ጽሑፉ ጀርመንኛ ነበር» የሚለውን። አጋሮ ሲገቡ ሁለቱንም ትተዋቸው ነበር፤ አፈሩባቸው።

የሐጂው ባለቤት ሐጂራ በሩን ከፈተችላቸው።

«ጋሼ ከፈለ! አካም ጅርቱ! ይግቡ፣ ይግቡ። መድኃኒቱን እኮ አንድም ቀን አላጓደለም፣ ወላሂ። የሆስፒታሉ ሆዱን ይነፋው ነበር፤ የእርስዎ ይስማማኛል ብሎ በዚያው ቀረ። ብቻ ውሃ ነው፤ ማሰሮውን ቢያደርቀው አይጠግብም። ከስቷል ደግሞ።»

አቶ ከፈለ ገና ከበሩ አፍንጫቸው ነግሯቸዋል። የበሰበሰ ነገር ሽታ ያውቃሉ።

ሐጂ ቲጃኒ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው እስኪመስል ሰፍቷቸዋል። የግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከሃያ ቀን በፊት ከማስጫ አልጋው የወጣ ምስማር ሁለት ጣታቸውን ወግቷቸው፣ ስላልተሰማቸው ሳያዩት ውለው ነው። «ይድናል፣ ኢንሻአላህ። መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው» አሉ።

«ቲጃኒ፣ የሰጠሁህ መድኃኒት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማጣፈጫ ነው። በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ የሚጨመር። ትናንት ቀመስኩት።»

«ትናንት?»

«ትናንት። ስሰጥህ አልቀመስኩትም።»

ሐጂው ትራሳቸው ሥር ያለችውን ነጭ ሳጥን አውጥተው አዩዋት። አንዷን ፍሬ ጥርሳቸው ላይ ሰበሯት። ሲጣፍጣቸው ፊታቸው ሲለወጥ አቶ ከፈለ አዩ፤ ከዚያ ቀን በፊት ሰው ጣፋጭ ቀምሶ እንዲያ ሲሆን አይተው አያውቁም።

«አንድ መኪና ቡና በአንድ ስኒ መለስክብኝ» አሉ ሐጂው ቀስ ብለው። «ሃያ አራት ዓመት ለሰው ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ኖርኩ። ከፈለ ያልቀመሰው አያልፍም እያልኩ። ለቡና ነው ለካ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አቶ ከፈለ ቆመው አለቀሱ፤ ሰው ያየኛል አላሉም።

«ወቀሳውም ልቅሶውም ይቆየን» አለች ሐጂራ ሻርፗን እየጠመጠመች። «መኪና ይፈለግ።»

ጅማ ሆስፒታል ሲደርሱ የሐጂው ስኳር አራት መቶ ሰማንያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ እግሩ ከጉልበት ይሄድ ነበር አለ። አቶ ከፈለ ይህን ሰምተው ተመስገን ለማለት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ማመስገን የሚገባው እሳቸውን አልመሰላቸውም።

ናርዲ ስትሰማ በስልክ አለቀሰች። ልዑል ደግሞ «ብዬ ነበር፤ የተከለከለ ነው ብዬ ነበር» አለ። አቶ ከፈለ ልጃቸውን ተቆጥተው የማያውቁትን ያህል ተቆጡት።

«ዝም በል! ያንተም የእሷም ያው ማጣፈጫ ነው፤ ሁለቱም ሰው አልጎዱም። የቲጃኒን ጣት የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተመላለሱ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። ውሃ ያቀብላሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ፣ ሐጂው ሲሰግዱ ወጣ ብለው ይጠብቃሉ። ሐጂው ሰላምታቸውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የለም። ሐጂራ ታዝናለች፤ ግን በመካከል አትገባም። አቶ ከፈለም አይለምኑም። ድሮ ሐጂው ሲለምኗቸው እሳቸው ንቅንቅ እንዳላሉ ያስታውሳሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሐጂው ውጡ ተባሉ። ሲወጉት የሰነበቱት የስኳር መርፌ ቆሞ ኪኒን ታዘዘላቸው። ብርሃንነሽ የምትባለው ነርስ የመጀመሪያውን ፍሬ በትንሽ ክዳን አድርጋ ከውሃ ጋር ሰጠቻቸው። ሐጂው ፍሬዋን አንሥተው አገላብጠው አዩዋት። ነጭ ናት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አቶ ከፈለ ዘረጉ።

«ቅመስ» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይደረግም!» አለች ብርሃንነሽ።

የሰማት የለም። አቶ ከፈለ ፍሬዋን ተቀበሉ። የምላሳቸውን ጫፍ አስነኩና ቅምሻ ቤት ሳሉ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

«መራራ ነው» አሉ። «መጨረሻው ላይ ብረት ብረት ይላል።»

ሐጂ ቲጃኒ ፍሬዋን ተቀብለው ቢስሚላህ ብለው ዋጧት። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጥተው ብርጭቆውን መለሱ።

«ቶሌ» አሉ፤ ይሁን፣ ደህና ነው ማለታቸው ነው። «በል፣ ነጠላ ጫማዬን አቀብለኝ፤ እንሂድ።»

አቶ ከፈለ አላቀበሉም። ተንበርክከው ራሳቸው አጠለቁላቸው፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን።